ከመፈረማችሁ በፊት ስለ ሌሊቱ ጠይቁ

ይህ ደብረ ብርሃን ውስጥ ለጤና ተመራቂዎችና ለጤና ተቋማት ሠራተኞች ያደረግኩት ንግግር ነው። በጽሑፍ ስጪን ያላችሁኝ ስለበዛችሁ ትንሽ አስተካክዬ አቅርቤዋለሁ። ከተጠየቅኳቸው ጥያቄዎችም ሦስቱን መጨረሻ ላይ ጨምሬያለሁ።

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን አረፈዳችሁ?

የተጠራሁት ጤና ተቋም ተቀጥሮ መሥራት ጥቅሙና ጉዳቱ ምንድን ነው በሚለው ላይ እንድናገር ነው። እኔ ነርስ ነኝ። መንዝ ውስጥ ጤና ጣቢያ ሠርቻለሁ፤ ከዚያ ሆስፒታል ገባሁ፤ በመሃል የግል ክሊኒክም ቀምሻለሁ። የምናገረው እዚያ ያየሁትን ነው። ከመካከላችሁ ነርስም ሐኪምም ያልሆናችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ካርድ ክፍል ያላችሁ፣ ገንዘብ ተቀባዮች፣ ጽዳቶች፣ ጥበቃዎች፣ የአምቡላንስ ሾፌሮች። ዛሬ የምናገረው ለእናንተም ነው። እንዲያውም አንዳንዱ ነገር ከኛ ይልቅ እናንተን ይመለከታል።

ሰው ሥራ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው። "ደመወዙ ስንት ነው?" ቤተሰብ ይጠይቃል፣ ጓደኛ ይጠይቃል፣ የቤት አከራይ ሳይቀር ይጠይቃል። መጠየቅም አለበት፣ ማንም በአየር አይኖርም። ግን ደመወዙ ማስታወቂያው ላይ ተጽፏል። ያልተጻፈው ሌሊቱ ነው። ሌሊት ተረኛ ስንት ሰው ነው? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ይነሳል? የጓንቱ መጋዘን ቁልፍ ከ11 ሰዓት በኋላ ማን ጋ ነው የሚያድረው? አምቡላንሱ ነዳጅ አለው? የዲዩቲ፣ ማለትም ከመደበኛ ሰዓት ውጭ የምትሠሩት ተረኝነት፣ ክፍያ በወሩ ይከፈላል ወይስ ይጠራቀማል? እኔ አንድን ተቋም ጥሩ ቀጣሪ ነው ወይም አይደለም የምለው የእነዚህን መልስ ካየሁ በኋላ ነው። ቀን ላይ ሁሉም ተቋም ደህና ይመስላል። ኃላፊው አለ፣ የነርሶች ኃላፊዋ ሜትረን አለች፣ ላብራቶሪው ክፍት ነው። ከ11 ሰዓት በኋላ ነው ልዩነቱ የሚታየው።

ከጣርማ በር ተገንጥላችሁ ወደ መሐል ሜዳ ስትሄዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ አገር ነው የምትገቡት። ብርዱን መንዝ ያደረ ያውቀዋል። የገጠር ጤና ጣቢያ በአገሪቱ የጤና አደረጃጀት መሠረት እስከ 25,000 ሰው እንዲያገለግል ነው የታሰበው። ሌሊት ላይ ግን ያ ሁሉ ሰው ያለው አንድ ነርስ፣ አንድ አዋላጅና አንድ ጥበቃ ነው፤ አዋላጇ ፈቃድ ከወጣች ደግሞ ነርሷ ብቻዋን ናት። ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ትመጣለች። ከኋላ ባናውን፣ ያን የሱፍ ብርድ ልብስ፣ የደራረበ ጎረቤት ሁሉ ባትሪ እያበራ ይከተላል፣ ባሏ፣ አማቷ፣ የነፍስ አባቷ ሳይቀሩ ይመጣሉ፣ ደጁ ላይ ይቆማሉ፣ ሁሉም ዓይን ያለው እናንተ ላይ ነው። ያን ሰዓት የተማራችሁት ትምህርት ያስፈልጋችኋል። ከሱ እኩል ግን ኔትወርክ ያለው ስልክ፣ የሚነሳ አምቡላንስ፣ "ላኩልን፣ ክፍሉን እናዘጋጃለን" የሚል ሆስፒታል ያስፈልጋችኋል። እነዚህ ካሉ ሥራው ቢከብድም ይወደዳል። ከሌሉ ግን በትንሽ ጊዜ ውስጥ ጎበዝ የነበረች ልጅ ስትደነዝዝ አይቻለሁ። ስንፍና አልነበረባትም። በየሌሊቱ ብቻዋን መፍራት ሰልችቷት ነው።

ስለዚህ ቃለ መጠይቅ ላይ ወይም ምደባ ደርሷችሁ ስትሄዱ እዚያ ከሚሠራ ሰው ጋር ቡና ጠጡ። ከኃላፊው ጋር ሳይሆን ትናንት ዲዩቲ ካደረ ሰው ጋር። "ትናንት ሌሊት እንዴት ነበር?" በሉት። መልሱ ሲጀምር ፊቱን ስታዩ ግማሹን ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ እንደተሻሻለ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ከመስከረም 2018 ጀምሮ ተግባራዊ ይሆናል በተባለው ማሻሻያ የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ነው ከፍ ያለው። ጥሩ ነው። ነገር ግን ደብረ ብርሃን ውስጥ ቤት ተከራይቶ፣ ጤፍ ገዝቶ፣ ለወላጅ ትንሽ ልኮ ወር ለመድረስ የጤና ባለሙያ አሁንም ዲዩቲውን አንድ ላይ ነው የሚያስበው። ዲዩቲ ጉርሻ አይደለም፣ የኑሮው አካል ነው። በ2011ም ሆነ በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያው አደባባይ ያወጣቸው ጥያቄዎች ውስጥ ደመወዝና የዲዩቲ ክፍያ ፊት ላይ የነበሩት ለዚህ ነው። ጥያቄው ትክክል ነበር፣ አሁንም ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ።

እኔ በሠራሁበት አንድ ተቋም ዲዩቲያችን ይጠራቀም ነበር። አንዱ ወር በሌላው ላይ ሲደራረብ ሰው ከሱቅ ዱቤ ይገባል፣ ከባልደረባው ይበደራል፣ በመጨረሻ ሁለት ቦታ መሥራት ይጀምራል። ሌሊት መንግሥት ቤት አድሮ ቀን የግል ክሊኒክ ይውላል። ይህ ሰው በሦስተኛው ቀን መድኃኒት ሲለካ እጁን እዩት። የዘገየ ክፍያ የሠራተኛው ችግር ብቻ ነው የሚመስላቸው ኃላፊዎች አሉ፣ ታካሚው ጋ እንደሚደርስ አያስቡም።

ለምን ይዘገያል ለሚለው አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማችኋል። የጤና ጣቢያ ሠራተኛ የሚከፈለው ከወረዳው በጀት ነው። ወረዳው ገንዘብ ሲያጥረው መጀመሪያ ደመወዝ ይከፍላል፣ ዲዩቲ ወደ ኋላ ይገፋል። ከታካሚ የሚሰበሰበው የውስጥ ገቢ ደግሞ በዋናነት ለመድኃኒትና ለተቋሙ ማሻሻያ የሚውል ነው። ስለዚህ ሁለት ጎረቤት ወረዳዎች ውስጥ በአንድ ዓይነት ሥራ፣ በአንድ ዓይነት ዲግሪ፣ የአንዱ ዲዩቲ በወሩ ሲከፈል የሌላው ሊጠራቀም ይችላል። ከመፈረማችሁ በፊት "የመጨረሻው ዲዩቲ የተከፈለው የየትኛው ወር ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ይሄ ጥያቄ ነውር የለበትም።

ስለ አደጋው ልናገር። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም ከሁሉም ጉዳት የሚብሰው ይሄ ነው፣ ደግሞም ከሁሉም በላይ ልንከላከለው የምንችለውም ይሄው ነው።

መርፌ ይወጋችኋል። ላይወጋችሁም ይችላል፣ ግን እንደሚወጋ ሰው ተዘጋጁ። ጉበትን የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ባለበት ደም የተነካ መርፌ ያልተከተበ ሰው ቢወጋ የመያዝ ዕድሉ ከ100 ሰው ከ6 እስከ 30 ይደርሳል። ሄፓታይተስ ሲ ከሆነ ከ100 ሰው ወደ 2 ነው። ኤች አይ ቪ ከሆነ ከ1,000 ሰው ወደ 3 ነው። ሰው ሁሉ የሚፈራው የመጨረሻውን ነው፤ እኛን በብዛት የሚያገኘን ግን የመጀመሪያው ነው። ለሱ ደግሞ ክትባት አለው! ሦስት ጊዜ ይሰጣል፤ መጀመሪያ፣ ከወር በኋላ፣ በ6ኛው ወር። ቀጣሪያችሁ ሠራተኛውን ከትቦ ሥራ የሚያስጀምር ከሆነ ስለ እናንተ የሚያስብ ሰው አለ ማለት ነው። "ክትባት? የምን ክትባት?" ካሏችሁ ደግሞ ሌላውንም ነገር ከዚያ ገምቱ።

ከተወጋችሁ ቦታውን በውሃና በሳሙና ታጠቡ። አትጭመቁት። ወዲያው ተናገሩ። ለኤች አይ ቪ የሚሰጠው መከላከያ መድኃኒት ቶሎ በተጀመረ ቁጥር የተሻለ ነው፣ ከ72 ሰዓት ማለፍ የለበትም፣ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ብዙ ልጆች አፍረው ይደብቃሉ። "ጥንቃቄ የላትም ይሉኛል" ብለው። ጥሩ ተቋም ውስጥ የተወጋ ሰው አይወቀስም፣ ይመዘገባል፣ መድኃኒቱን ያገኛል፣ ከዚያ መርፌው ለምን እዚያ ተገኘ ተብሎ ይጣራል። ያገለገለ መርፌ ክዳኑን መልሳችሁ አትክደኑ። ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሴፍቲ ቦክስ ሦስት አራተኛ ሲሞላ ይዘጋል፣ እስኪጠቀጠቅ አይጠበቅም። ይህን ሁላችሁም ተምራችሁታል፣ ግን ሌሊት በድካም ሰዓት የሚረሳው ይሄ ነው።

እዚህ ላይ ጽዳቶቻችንን ላንሳ። እናንተ እህቶቼ፣ ይህ ለእናንተ ነው። ነርሷ መርፌውን ቦታው ካላስገባችው የሚወጋው ማንን ነው? ቆሻሻውን የምትሰበስበዋን ነው። ደም የነካውን አንሶላ የሚያጥበው ማነው? የማዋለጃ ክፍሉን ወለል የሚጠርገው፣ ቆሻሻውን ማቃጠያው ጋ የሚያደርሰው ማነው? ከኛ እኩል ተጋልጠው በቀጭን ጓንት፣ አንዳንዴም ያለ ጓንት ይሠራሉ። ሥልጠና ሲመጣ አይጠሩም፣ ክትባት ሲመጣ ስማቸው ዝርዝር ውስጥ የለም። በኤጀንሲ የተቀጠሩ ከሆነማ ጭራሽ "የኛ ሠራተኛ አይደሉም" ይባላል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። አንድ ሆስፒታል ጥሩ ቀጣሪ ነው ሲባል እኔ መጀመሪያ የማየው የጽዳት ሠራተኛዋን እግር ነው። ቦት ጫማ አድርጋለች ወይስ በነጠላ ጫማ ነው?

ቲቢም አለ። ተላላፊ ቲቢ ያለበት ሰው ካርድ ክፍል ወረፋ ላይ ነው ቀድሞ የሚያስለው። ስለዚህ የካርድ ክፍሏ ልጅ ከሐኪሙ በፊት ትጋለጣለች። የብርድ አገር ስለሆንን መስኮት እንዘጋለን፣ እሱ ነው አደጋው። መስኮት ክፈቱ፣ ጃኬት ደርቡ።

ከበሽታው በኋላ ሰው ይመጣል። አስታማሚ ይቆጣል። ለምን እንደሚቆጣ ግን ተረዱለት። ገበሬው የማኅበረሰብ ጤና መድን መዋጮውን ከፍሏል፣ ደብተሩን በኪሱ ይዞ፣ የታመመ ልጁን ተሸክሞ መጥቷል። ሐኪሙ ያዝዝለታል። ፋርማሲ ሲደርስ "ይሄ የለም፣ ከውጭ ግዛ" ይባላል። ገንዘብ የለውም፣ ለዚያ ነበር አስቀድሞ የከፈለው! ቁጣው መስኮቱ ኋላ ባለችው የፋርማሲ ልጅ ላይ ይወርዳል። እሷ መድኃኒቱን አልደበቀችም፣ ግዥውም አቅርቦቱም በእጇ አይደለም። ትሰደባለች፣ አንዳንዴም ድንጋይ ይወረወራል። እዚህ ላይ የቀጣሪው ድርሻ ይለያል። አንዳንዱ ተቋም ያለቀውን መድኃኒት ጠዋት ለሐኪሞቹ ያሳውቃል፣ ሐኪሙም ያለውን አይቶ ያዝዛል፣ ጠቡ ሳይጀመር ይቀራል። አንዳንዱ ደግሞ ልጅቷን ከሕዝቡ ጋር ፊት ለፊት ጥሎ ስብሰባ ይገባል። በጀት የማይጠይቅ ነገር ነው፣ አንድ ወረቀት ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው።

እስካሁን መጥፎውን ብቻ አወራሁ መሰለኝ። ታዲያ ለምን እዚህ ቤት ቆየሽ ትሉኝ ይሆናል።

የቆየሁት ደስ ስለሚለኝ ነው። ጤና ጣቢያ እያለሁ የእናቶች ማቆያ ክፍል ነበረን። ቤታቸው ሩቅ የሆነ ነፍሰ ጡሮች መውለጃቸው ሲቃረብ መጥተው ይቆያሉ፣ ቡና ይፈላል፣ ሲወልዱ ገንፎ ይገነፋል። ዱቄቱንና ቅቤውን የሚያዋጣው የአካባቢው ሰው ነው። ድሮ በቃሬዛ መንገድ ላይ የሚያልቁ ሴቶች የነበሩበት አገር ላይ አንዲት እናት በሰላም ወልዳ፣ ገንፎዋን በልታ፣ ልጇን ታቅፋ በእግሯ ስትወጣ ማየት፣ ያውም እናንተ ባላችሁበት ሌሊት፣ ይሄን የትኛው ቢሮ ይሰጣችኋል? አሮጊቶቹ ሲመርቁ ደግሞ! "ልጄ፣ ክፉ አይይሽ፣ ወልደሽ ሳሚ፣ እንደኛ አርጂ።" እኔ ያን ምርቃት ሰምቼ ከደመወዙ ጋር አላወዳድረውም፣ ሁለቱም ያስፈልጉኛል። ምርቃት አለሽ ተብሎ ግን ደመወዝ አይቀነስም። "ሥራው የተቀደሰ ነው" እያሉ ክፍያ የሚያዘገዩ ሰዎችን አልወዳቸውም።

ሁለተኛው ጥቅም ቤተሰብ ነው። ይህን ከጤና ተቋም ውጭ ያለ ሰው አይረዳውም። የአባቴ ግፊት ድንገት የተነሳ ጊዜ የትኛው በር እንደሚንኳኳ፣ ማን እንደሚጠራ፣ የትኛው ምርመራ እንደሚቀድም አውቅ ነበር። ሌላው ሰው ካርድ አውጥቶ፣ ተራ ይዞ፣ የሚያናግረው አጥቶ የሚያባክነውን ሰዓት አባቴ አላባከነም። ዛሬ አለ፣ ይመስገነው። ብዙ ተቋማት ለሠራተኛቸው ነፃ ወይም በቅናሽ ሕክምና ይሰጣሉ፣ ግን አንድ ወጥ አይደለም፣ እሱንም ጠይቁ። እናት አባትን ይጨምራል ወይስ ባለቤትና ልጅ ብቻ ነው? ለጽዳትና ለጥበቃስ ይሠራል?

ዋጋ አለው በእርግጥ። ሰፈር ውስጥ አንድ ጊዜ "ሲስተር" ከተባላችሁ ዕረፍት የላችሁም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሱ በር ላይ ሰው ተቀምጦ ይጠብቃችኋል። ግፊት ለኪልኝ፣ ይህን ክኒን እዪልኝ፣ ልጄን አተኮሰው። እኔ እምቢ ብዬ አላውቅም። መርፌ ቤቴ ውስጥ አልወጋም፣ ይህንን ብቻ እምቢ እላለሁ፤ ሌላውን እሺ ብዬ አያለሁ።

ሦስተኛው ትምህርት ነው። የመንግሥት ተቋም በዚህ ይበልጣል። ከዲፕሎማ ወደ ዲግሪ፣ ከዲግሪ ወደ ማስተርስ፣ ሐኪም ከሆናችሁ ወደ ስፔሻሊቲ የሚላክ ሰው አብዛኛው በመንግሥት ቤት ያለ ነው። እዚሁ ከተማችን ውስጥ የጤና ሳይንስ ግቢው በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም ነው የሚጠራው፤ ቀዶ ሐኪም ነበሩ፣ አገሪቱ ውስጥ ሐኪም የሚያስተምር ፋኩልቲ እንዲቋቋም ከደከሙት አንዱ ናቸው። እዚያ ግቢ የተማራችሁ ስማቸውን በየቀኑ በር ላይ አንብባችሁታል። ትምህርት ግን ግዴታ አለው። የላካችሁን ተቋም ለዓመታት ተመልሳችሁ ታገለግላላችሁ፣ ውሉን ሳታነቡ አትፈርሙ።

የግሉን በአጭሩ ልናገር። ክሊኒክ ውስጥ ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ጓንት አይጠፋም፣ ብዙዎቹ ደመወዝ በሰዓቱ ይከፍላሉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የመጀመሪያ ዓመት የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፣ የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ነው። ትርፍ ሰዓት ቀን ላይ በአንድ ተኩል፣ ከማታ 4 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በሁለት፣ በበዓል ቀን በሁለት ተኩል ተባዝቶ ይከፈላል። ይህን ቁጥር በቃላችሁ ያዙት፣ ብዙ ባለ ክሊኒክ የማያውቅ ይመስላል። ከደመወዛችሁ 7 በመቶ ለጡረታ ሲቆረጥ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ይጨምራል፤ መቆረጡን ብቻ ሳይሆን ገቢ መደረጉንም አጣሩ። ያልወደድኩት ነገር ግን አለ። በሠራሁበት አንድ ቤት "ዛሬ ስንት አልትራሳውንድ ታዘዘ?" እየተባለ ይቆጠር ነበር። አሪፍ ጋውን ለብሶ የማያስፈልጋትን ምርመራ ለድሃ ሴት ማዘዝ እኔ አልችልም። ወጣሁ። ሁሉም የግል ቤት እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም፣ ሕሊናቸው ንጹሕ የሆኑ ባለቤቶች አውቃለሁ።

ፋብሪካዎቻችን ውስጥ ያሉ ክሊኒኮችም ሰው ይቀጥራሉ። ሰዓቱ ልክ ነው፣ ሌሊቱ ይቀላል፣ ግን እጅ ይረሳል፤ ገና የጀመራችሁ ልጆች መጀመሪያ እዚያ ባትገቡ እላለሁ። የፕሮጀክት ሥራ ደግሞ ደመወዙ ጥሩ ነው፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ሥራውም ያልቃል። በጥር 2017 የአሜሪካ እርዳታ ድንገት ሲቆም በአገሪቱ በሺዎች የሚቆጠሩ በእርዳታ ገንዘብ የሚከፈላቸው የጤና ሠራተኞች ሥራቸውን አጥተዋል። ሊገባ የሚፈልግ ይግባ፣ ብቻ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ይቆጥብ።

አንድ ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። የኛ ዞን፣ ሰሜን ሸዋ፣ ብዙ አይቷል። ኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢትንና ደብረ ሲናን በደረሰ ጊዜ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ባለሙያዎች ከሕዝቡ ጋር ተሰደዋል፣ ደብረ ብርሃንም በተፈናቃይ ሞልታ ነበር። አጣዬ ከዚያም በፊት ተቃጥላለች። ከዚያ ወዲህም መንገድ ሲዘጋ ሪፈር የተጻፈለት ታካሚ የት ይሂድ? ስለዚህ አሁን ስትቀጠሩ ከበፊቱ የጨመረ ጥያቄ አለ። መንገድ ሲዘጋ ተቋሙ ምን ያደርጋል? ሠራተኛው እንዲያድር የሚያደርገው ቦታ አለው? ቁስለኛ ሲመጣ ማንነቱን ሳንጠይቅ ማከም ሙያችን ነው፣ ከዚህ ፈቀቅ አንልም። ቀጣሪውም በዚህ ከኋላችን መቆም አለበት።

አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄ ካላችሁ።

የመጀመሪያዋ ጠያቂ ዘንድሮ የምትመረቅ ልጅ ናት። "ሥራ የለም። ክሊኒኮች ልምድ ታገኛላችሁ እያሉ በነፃ አሠሩን። ልግባ?"

የኔ እህት፣ ችግሩ ያንቺ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለ10,000 ሰው 44.5 ሐኪም፣ ነርስና አዋላጅ ያስፈልጋል ይላል፤ አገራችን ከዚያ በጣም ሩቅ ናት፤ ግን ሐኪም ሳይቀር ተመርቆ ቤቱ ተቀምጧል። ሰው ስላልተፈለገ አይደለም፣ የሚቀጥርበት በጀት ስላልተመደበ ነው። ለነፃው ሥራ ያለኝ አስተያየት ይሄ ነው። ከገባሽ የሚያስተምርሽ ሰው ባለበት በቀን ሰዓት ግቢ፣ የሚያበቃበት ቀን በጽሑፍ ይሁን፣ ሲያልቅ የልምድ ማስረጃ እንደሚጻፍልሽ አስቀድመሽ ተስማሚ። ሌሊት ብቻሽን ተረኛ ሁኚ ካሉሽ ግን እሱ ልምምድ አይደለም፣ ሙሉ ሥራ ነው፤ ክፈሉኝ በይ። የሙያ ፈቃድሽ ገና ያልወጣ ከሆነማ ጭራሽ እንዳትቀበዪ። አንድ ነገር ቢፈጠር የሚጠየቀው ባለ ክሊኒኩ ብቻ አይሆንም።

ሁለተኛው አንድ ላብራቶሪ ባለሙያ ነው። እሱ እነዋሪ፣ ባለቤቱ መርሐቤቴ ነው የሚሠሩት። "ዝውውር ጠይቀን አልተሳካም፣ ልልቀቅ ወይ?"

የሁለቱን አገር ካርታ ያየ ሰው ጎረቤት ናቸው ይላል፣ መሃል ላይ ግን ትልቅ ገደል አለ። ትዳር በስልክ አይኖርም፣ አውቃለሁ። አንተ ከመልቀቅህ በፊት ግን የሚቀያየርህ ሰው ራስህ ፈልግ። ዝውውር ብዙ ጊዜ የሚሳካው ቦታ ለቦታ የሚለዋወጥ ሰው ሲገኝ ነው፤ ላብራቶሪ ለላብራቶሪ፣ እሷ ነርስ ከሆነች ነርስ ለነርስ። ማመልከቻችሁ ላይ የጋብቻ ማስረጃውንና የልጆቹን ልደት ካርድ አያይዙ፣ ቀን አስመዝግቡ፣ ቅጂ ያዙ። የሁለታችሁን ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት በተለያየ ቀን ሳይሆን በአንድ ሳምንት ውስጥ ጠይቁ። ካልሆነ ግን ልጆቹ ያሉበትን ምረጥ። እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው።

ሦስተኛዋ ከኋላ የተቀመጡ እናት ናቸው። ጽዳት ናቸው። "ልጄ፣ ያ የጉበቱ ክትባት ያልሽው ለኛም ይሆናል እንዴ? እኛን ማንም አልነገረን።"

ይሆናል እማማ። ለእርስዎም ነው፣ እንዲያውም መጀመሪያ ለእርስዎ መሰጠት ነበረበት። ሰኞ ጠዋት ሜትረኗ ጋ ሄደው ስምዎን ያስመዝግቡ፤ ብቻዎን አይሂዱ፣ ጽዳቶቹ በሙሉ አብራችሁ ግቡ። በኤጀንሲ ነው የተቀጠራችሁት ካሏችሁ "መርፌው የሚወጋን እዚህ ቤት ነው" በሏቸው። መጀመሪያ ደም ተወስዶ ምርመራ ሊደረግልዎ ይችላል፣ አይፍሩ። ሦስት ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያውን ወስደው ሁለተኛውን እንዳይረሱ፤ ካርዱን ቤትዎ አያስቀምጡ፣ ከመታወቂያዎ ጋር ይያዙት። እምቢ ካሏችሁ ደውሉልኝ፣ አብሬያችሁ እገባለሁ።